የልብስ አጣቢዋ ክርስትና እናት

የኔታ እንዳላማው ሲናደዱ የሚሳደቡት አንድ ስድብ ብቻ ነበር፤ «አንተ የግንቡ ጌታ!» ይላሉ። ተሰዳቢው ትልቅ ሰው ያሉት መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እኛ አራት ተማሪዎቻቸው ግን የግንቡ ጌታ ማን እንደሆነ ስለምናውቅ በሳቅ እንፈርሳለን።

የኔታ የተወለዱት ደብረ ወርቅ አጠገብ ነው። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት ገብተው፣ መምህር ይሆናሉ ሲባል ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው መምህርነት ሳይሆን የአንድ ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ በር ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በር ከፈቱ፣ በር ዘጉ። የፈረንጁ ልጆች በረንዳ ላይ ሲማሩ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ የቅኔ ቤት ጆሮ ደግሞ አንዴ የገባለትን አይለቅም፤ ልጆቹ ያልያዙትን በረኛው ያዘው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ፈረንጁ ከነቤተሰቡ አገሩ ገባ። የኔታም በባዶው ቤት ወድቆ ያገኙትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ በጋቢያቸው ጠቅልለው በእግራቸው ጎጃም ተመለሱ። እኅታቸው እኛ መንደር አግብታ ስለነበር፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ እዚያው ጎጆ ቀለሱ።

«በስምንት ዓመት ውስጥ ስሜን የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም» ይሉን ነበር። «በረኛ! ይሉኛል፤ አቤት! እላለሁ፤ በቃ።» ይህን የሚሉት እየሳቁ ነው። እኔን ግን ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል።

እኔ የብርጓል እባላለሁ። የቄስ ልጅ ስለሆንሁ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃያ ሳይሞላ ባል አግብቼ፣ ፈትቼ፣ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ከእኔ ሌላ የሮብ ገበያዋ ሥራነሽ አለች፤ ባሏ ከዘመቻ ያልተመለሰላት፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ቀስ ያለ ሴት። እጁ ለጽሕፈት የተፈጠረ ዲያቆን ውበቱ አለ። አራተኛው ጀማለዲን ነው፤ የጉንደ ወይን ነጋዴ ልጅ ሲሆን ጨርቅ ጭኖ በሳምንት አንዴ በእኛ መንደር ያልፋል። የፈረንጅ ቋንቋ ለንግድ ይጠቅመኛል ብሎ ገብቶ፣ ኋላ በመጽሐፉ ምክንያት ንግዱን የረሳ እሱ ነው።

ትምህርቱ እንደ ቤተ ክህነት ነበር። መጀመሪያ ንባብ ነው፤ ፍቺውን ሳናውቅ የፈረንሳይኛውን ቃል እያዜምን በቃላችን እንይዛለን። ፈረንሳዮች ቢሰሙን ምን ይሉ እንደነበር እንጃ፤ እኛ ግን እናስነካው ነበር። ከዚያ ትርጓሜ ይመጣል። የኔታ አንዱን ዐረፍተ ነገር ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ፤ ፀሐይ ትጠልቃለች።

ታሪኩስ! ሐይቅ ዳር ያለ አሮጌ ግንብ ነው። ጌታው ታላቅ ወንድሙ ሐይቅ ገብቶ ሞተ ብሎ ርስቱን ወርሷል። የወንድምየው ልጅ፣ ወላጅ አልባ ኮረዳ፣ ወደ ግንቡ ትመጣለች። ሲመሽ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ያቃስታል። ቤተኛው ሁሉ የሟቹ መንፈስ ነው ይላል። ለካ ወንድምየው አልሞተም፤ ጌታው ከጸሎት ቤቱ ሥር በጉድጓድ አስሮታል! እዚህ ስንደርስ ሐምሌ ነበር፤ ከጮቄ የወረደው ጉም ደጁን ሸፍኖታል፤ ሥራነሽና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ቤታችን ሮጥን። ጀማለዲን ደግሞ በቅሎውን ሲፈታ የገዛ በቅሎው ብታነጥስበት ጮኸ። ውበቱ ይህንን እስኪሞት ሲያነሣበት ኖሯል።

መጽሐፉን ጨርሰን ስለ ጌታውና ስለ ኮረዳዋ ስንጨቃጨቅ የኔታ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«የጌታው ነገር ይበቃል» አሉ። «ልጠይቃችሁ፤ በሩን የሚከፍተው ማነው? መብራቱን የሚያበራው ማነው? ለታሰረው ሰው እንጀራውን የሚያወርድለት ማነው?»

ገጾቹን በየልባችን ገለጥናቸው። ከዚያ አራታችንም በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመርን። ለካ ያ ሁሉ የሚፈራው ጌታ በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት በር እንኳ በገዛ እጁ አልከፈተም! በረኛው ከፈተ፣ ቁልፍ ያዢዋ ቆለፈች፣ ጀልባ ቀዛፊው አሻገረ። ዛሬ ተማሪ ቤት አጃቢ ገጸ ባሕርያት የሚሏቸው እነዚህን ነው። እኛ ስሙን ባናውቅም መጽሐፉን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርነው።

ችግሩ ደራሲው ለእነዚህ ሰዎች ስም አላወጣላቸውም። «በረኛው»፣ «አጣቢዋ» ብሎ ያልፋቸዋል። የኔታ ይህን እንደማይታገሡት ልናውቅ ይገባን ነበር።

«ስም የሌለውን ሰው ጠርተን አንጠይቀውም። ክርስትና እናነሣቸዋለን» አሉ።

አባቴ ቢሰማ ኖሮ ይገዝተኝ ነበር! ግን ደስ አለን፤ የልጅ ጨዋታ ደስ እንደሚለው ደስ አለን። ለሥራነሽ ቁልፍ ያዢዋ አሮጊት ደረሰቻት፤ ወለተ ኢየሱስ አለቻት። ውበቱ ለበረኛው ክርስትና አባት ሆኖ ገብረ ጻድቅ አለው። ጀማለዲን «የእኔ ጀልባ ቀዛፊ አይጠመቅም፤ በሰባተኛው ቀን በግ አርጄ ስም አወጣለታለሁ» ብሎ፣ የፈረንሳይ ሐይቅ ላይ የሚቀዝፈውን ሰው ሙሐመድሳኒ አሰኘው። ደንቡ አንድ ነው፤ ክርስትና ያነሣ ሰው ልጁን ይጠብቃል። ልጁ ያለበትን ገጽ በቃሉ ይይዛል፤ የት ነበር፣ ምን አየ፣ ለምን ዝም አለ ተብሎ ሲጠየቅ ይመልስለታል።

ለእኔ የደረሰችኝ ልብስ አጣቢዋ ናት። ተናደድሁ! ቁልፍ ያዢዋን ነበር የፈለግሁት። አጣቢዋ በመጽሐፉ ሁሉ ያላት ሦስት መስመር ነው፤ ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ላይ ብቅ ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ሞተች ዳነች የሚል የለም። ደግሞም አጣቢ ሲባል ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው ከኮረብታው ላይ ባለው የጣሊያን ምሽግ የምትሠራው ታየች ናት። በየቀኑ ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ወንዝ ስትወርድ፣ የጠላት ሸሚዝ የምታጥብ ብለን ሰላምታ እንነፍጋት ነበር። እኔማ መንገድ ላይ ሳገኛት ፊቴን አዞራለሁ።

«የኔታ፣ ይህች ሴት ምንም አታደርግም እኮ» አልኋቸው።

«ጠይቂያታ» አሉ። «ከጠየቅሻት በኋላ ምንም ካላደረገች እለውጥልሻለሁ።»

በንዴት አመተ ማርያም ብዬ ሰየምኋትና ሦስቱን መስመር ያዝሁ። እንዲህ ይላሉ፤ «ሰኞ ሰኞ ልብስ አጣቢዋ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። ሰባት ሸሚዝ አጥባ ታሰጣለች። ሰባቱንም አጣጥፋ ትመልሳለች፤ ማንንም አታነጋግርም።» እህል እየፈጨሁ አዜምሁት፣ ውኃ እየቀዳሁ አዜምሁት። አንድ ቀን እንስራዬን ተሸክሜ ስመለስ መንገድ መካከል ቀጥ አልሁ። በግንቡ ያሉት ወንዶች ጌታው፣ በረኛው፣ ቀዛፊው፣ ቄሱ፣ አትክልተኛውና ሐኪሙ ናቸው። ስድስት! ሰባተኛው ሸሚዝ የማነው?

እንስራውን እዚያው አስቀምጬ በሩጫ የኔታ ደጅ ደረስሁ። «ታውቅ ነበር! የታሰረው ሰው በሕይወት እንዳለ ኮረዳዋ ሳታውቅ እሷ ታውቃለች! ሸሚዙን ታጥብለታለች!» ብዬ ጮኽሁ። የኔታ ከመደባቸው ተነሥተው እልል አሉ። አዎ፣ የሽበት ጺም ያላቸው ሰውዬ እንደ ሴት እልል አሉ! መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብበውት ሸሚዞቹን ቆጥረዋቸው አያውቁም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ስመለስ እንስራዬን ላም ገልብጣው ነበር።

ውበቱ የደረስንበትን ሁሉ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ በደብተር ያሰፍረው ነበር። ጥፋታችን ይህ ነው። ደብተሩ የሚለው እንዲህ ነው፤ «ወለተ ኢየሱስ፤ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ትይዛለች፤ የታሰረውን ታውቃለች፤ ቀኗን ትጠብቃለች። ገብረ ጻድቅ፤ በር ይከፍታል፤ የታመነ ነው። ሙሐመድሳኒ፤ የሚያሻግረውን ሰው ስሙን አይጠይቅም። አመተ ማርያም፤ ልብስ አጣቢ ናት፤ በሸሚዝ ቆጥራ የሰዉን ልክ ታውቃለች፤ ለማንም አትናገርም።»

እስቲ አሁን ይህን የጣሊያን መኮንን እጅ ላይ አድርጉት!

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፴፪ ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ወታደሮች ጠመንጃ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲያስሱ የኔታ ምንጣፍ ሥር ደብተሩንና መጽሐፉን አገኙ። አስተርጓሚው ደብተሩን ሲያነብ ዐይኑ ፈጠጠ። የአርበኞች የውስጥ ሰዎች ዝርዝር፣ ያውም ከነክርስትና ስማቸው! የኔታን የኋሊት አስረው ወሰዷቸው። አስተርጓሚው አባቴ ዘንድ መጥቶ «ወለተ ኢየሱስ የምትባለውን አምጣ» አለው። አባቴም «የትኛዋን? እናቴ ወለተ ኢየሱስ ናት፣ የእናትህም ክርስትና ስም ሊሆን ይችላል፤ ሴት ክርስትና ስሟን ለንስሐ አባቷ ካልሆነ ለማን ትናገራለች?» ብሎ አባረረው። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም፤ ገበያው መካከል ያለው ሾላ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ለማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

አራታችን ተማከርን። መሸሽ እንችል ነበር። ጀማለዲን «እኛ ከሸሸን ዝርዝሩ እውነት ነው ማለት ነው» አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በገዛ እግራችን ኮረብታውን ወጥተን «ደብተሩ የትምህርት ነው፤ ጠይቁን» አልን።

ካፒቴኑ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፋችንና ደብተራችን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የኔታ ታስረው ጥግ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው አብጧል፤ ሲያዩን በቁጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካፒቴኑ በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለ፤ «ይህን መጽሐፍ በልጅነቴ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እያንዳንዱን ሰው አውቀዋለሁ። ደብተሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከመጽሐፉ ከሆኑ ሽማግሌው ቤቱ ይገባል። አንድ ሰው እንኳ ከመጽሐፉ ውጭ ከተገኘ ዛሬውኑ ይሰቀላል።»

መጀመሪያ ሥራነሽ ቀረበች። ቁልፍ ያዢዋ ስንት ቁልፍ እንዳላት፣ የቱን ከአንገቷ እንደማታወልቅ፣ ቀስ አድርጋ ዘረዘረችው። ካፒቴኑ እየገረመው ሄደ፤ ልጅ ሆኖ የፈራውን ሁሉ ነው የምትነግረው። ውበቱ የበረኛውን መለሰ፤ ልክ ነው። ጀማለዲን ሙሐመድሳኒ ብሎ ሲጀምር ካፒቴኑ ሳቀ፤ የፌዝ ሳቅ አይደለም፤ ከልቡ ነው የሳቀው። እኔም ነፍሴ መለስ አለች፤ እናሸንፋለን ብዬ ልቤ ዘለለ።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ።

«አመተ ማርያም» አለ፤ ሳቁ ጠፋ። «ልብስ አጣቢ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልብስ አጣቢ የለችም።»

«አለች» አልሁ።

«የለችም። ሦስቱን እውነተኛ አድርጋችሁ አራተኛዋን በመካከል ደበቃችኋት። በሸሚዝ ቆጥራ የሰዉን ልክ የምታውቅ! ይህች በሕይወት ያለች ሴት ናት። ስሟን ንገሪኝና መምህርሽን ይዘሽ ሂጂ።»

አልዋሽም። የታየች ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የምንጠላት ሴት ናት፤ አንድ ቃል ብናገር የኔታ ይፈታሉ። አፌን ከፈትሁ። ግን ክርስትና ያነሣኋት ልጄ መጽሐፉ ውስጥ እያለች የለችም ስትባል፣ ያ ንዴቴ ተነሣብኝ። የለችም? ስንት ወር እህል እየፈጨሁ አብሬያት የከረምሁት ማን ናት?

«ምዕራፍ ዐሥራ አንድ!» ብዬ ጮኽሁና ሦስቱን መስመር በፈረንሳይኛ ለቀቅሁት፤ በዜማው፣ ከነማንሻው ከነመጣያው። አስተርጓሚው ያበድሁ መሰለው። ካፒቴኑ መጀመሪያ ሊስቅ ዳዳው፤ ከዚያ አንገቱን አዘነበለ። «ስድስት ወንድ ላለበት ቤት ሰባት ሸሚዝ ታጥባለች!» አልሁ በአማርኛ። «ቆጥረህ እየው!»

መጽሐፉን አንሥቶ ማገላበጥ ጀመረ። ከኋላዬ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው ገባ፤ ካፒቴኑ ቀና ሳይል በጣቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ አልጋው ጠቆመ፤ የገባው ሰው የያዘውን አስቀምጦ ወጣ። እኔ ዐይኔ ከገጾቹ ላይ አልተነቀለም። ካፒቴኑ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ጣቱን መስመሩ ሥር አስኬደ። እንደገና አነበበው። ከዚያ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ ጌታው፣ በረኛው፣ ቀዛፊው፣ ቄሱ...

ስድስት ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ሦስት ጊዜ አንብቤ...» አለና ቀሪውን ዋጠው። ወደ የኔታ ዞሮ «እንዴት አገኘሃት?» አላቸው።

«እኔ አይደለሁም፤ ይህች ልጅ ናት» አሉ የኔታ። «እኔ በረኛ ነበርሁ፤ በረኛውን ብቻ ነው ያገኘሁት።»

አስተርጓሚው ይህን እንዴት እንደ ተረጎመው አላውቅም። ካፒቴኑ ፍቱት አለ። ደብተሩን እሳት ውስጥ ጣለው፤ መጽሐፉን ግን አስቀረው፤ እንደገና ሊያነበው ነው። ከምሽጉ ወጥተን ኮረብታውን ስንወርድ ሥራነሽ አለቀሰች፣ ውበቱ አስታወከ፣ ጀማለዲንና እኔ የኔታን ከግራና ከቀኝ ደግፈን እየሮጥን፣ እየሳቅን ወረድን። «ቀስ በሉ፣ እናንተ የግንቡ ጌቶች!» እያሉ ይሰድቡናል። ከሁለቱ ደስታዎቼ አንደኛው ይህ ነው። ትምህርቱንም አልተውንም፤ እያንዳንዳችን የልጆቻችንን ገጽ በቃላችን ስለያዝን መጽሐፉ ከእጃችን እንጂ ከቤታችን አልወጣም።

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ሚያዝያ ጣሊያን ምሽጉን ጥሎ ሄደ። በሳምንቱ እሑድ አራታችን የኔታ ቤት ተቀምጠን ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ታየች ናት፤ ቅርጫቷን ይዛለች። ከልማዴ ፊቴን ላዞር ስል ከቅርጫቷ የታጠፈ አንሶላ አወጣች፤ ከአንሶላው ውስጥ መጽሐፋችንን አወጣች። ካፒቴኑ ዕቃውን ሲያስር ከሻንጣው መዝዛ ከልብሱ ጋር ጠቅልላ ወጥታለች።

«የምሽጉ በረኛ አልፈተሸሽም?» አላት ውበቱ።

«አራት ዓመት ሙሉ ማን ፈትሾኝ ያውቃል?» አለች። «በየሳምንቱ ወንዝ ዳር የአርበኞች ሰው ይጠብቀኛል። ስንት ወታደር እንደ ገባ፣ ስንቱ እንደ ወጣ በሸሚዙ ቆጥሬ እነግረዋለሁ።»

ታየች ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ቅዳሜ በረንዳው ላይ ሸሚዝ እየተኮስሁ ነበር። በሸሚዝ የምትቆጥር አጣቢ ብሎ ሲጠይቅሽ ሰማሁ። ብሸሽ ይነቃብኛል ብዬ ሸሚዞቹን ይዤ ገባሁ፤ የሳምንቱን ቁጥር በጭረት ያሰፈርሁበትን ወረቀት ከሥራቸው በመዳፌ ይዤ ነበር። አጣቢዋን መጽሐፍ ውስጥ እየፈለገ፣ አልጋው ላይ አድርጊው ብሎ ጠቆመኝ። አንቺም አላየሽኝም።»

«አላየሁሽም፣ እትዬ ታየች» አልሁ። ፊቴ በእፍረት ነደደ። «ደግሞም ስምሽን ልጠራ ነበር።»

«አውቃለሁ። አፍሽን ስትከፍቺ በመስኮቱ አይቻለሁ። ለምን ተውሽው?»

«ክርስትና እናቷ ስለሆንሁ» አልሁ።

ታየች መጽሐፉን አገላበጠች፤ ማንበብ አትችልም። «ታዲያ ያቺ ሴት» አለች፣ «መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«መጽሐፉ አይናገርም። ከምዕራፍ ዐሥራ አንድ ወዲያ የለችም።»

የኔታ ከመደባቸው ተነሡ። ቦታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ጎን ተጠጉ፤ ውበቱን አዲስ ደብተር አምጣ አሉት። ታየች በመምህሩ ቦታ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ» አለች።